አገር ቤት ገብተው ኢሜይል አልላክ፣ ድረ ገጽ አልከፈት ሲልዎ፦ ማን ነው የዘጋው?

አዲስ አበባ ለሚገባ እንግዳ ያሉት መስመሮች የኢትዮ ቴሌኮም ሲም፣ የሳፋሪኮም ሲምና ያረፉበት ሆቴል ዋይፋይ ናቸው። ስልክዎ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለቱንም ያውጡ። ነገሩ የፍጥነት አይደለም፤ አንድ ገጽ እምቢ ሲል ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በሌላው መስመር ሲሞከር ነው። በአንዱ ተከፍቶ በሌላው ካልተከፈተ ብዙ ጊዜ የዘጋው የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። በሁለቱም ካልተከፈተ ደግሞ ስልኩ የሚያወጣውን መልእክት በደንብ ያንብቡ።

"አድራሻው አልተገኘም" ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዲኤንኤስ ላይ፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ በሚተረጉመው አገልግሎት ላይ ነው። ዋይፋይ ላይ ከሆኑ የኔትወርኩን ስም ተጭነው ዲኤንኤሱን በእጅ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ያድርጉት፤ በሞባይል ዳታ የ1.1.1.1 አፕ ይቀላል። ዲኤንኤሱ የተቀየረ ስልክ የሆቴሉን የመግቢያ ገጽ ላያመጣ ስለሚችል መጀመሪያ በአውቶማቲክ ይግቡ፣ ከዚያ ይቀይሩ። ገጹ ሊከፈት ሲል ወዲያው "ግንኙነቱ ተቋረጠ" ካለ ግን ዲኤንኤስ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው የተመሰጠረ ግንኙነትም ቢሆን የድረ ገጹ ስም ገና ግንኙነቱ ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ተነቦ ይቆረጣል። ይህን የሚያልፈው ቪፒኤን፣ ማለትም ትራፊክዎን አመስጥሮ በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያወጣ አፕ ነው።

403 የሚል ወይም መግባት እንደማይፈቀድ የሚናገር ገጽ ከወጣ ብዙ ጊዜ አቅራቢው የለበትም፤ የዘጋው ድረ ገጹ ራሱ ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ባንኮችና የመንግሥት ገጾች ከውጭ አገር አድራሻ የመጣን ሰው ከበር ይመልሳሉ፣ ቪፒኤኑንም ይለዩታል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ይዘውት የመጡት የአሜሪካ ሲም ሮሚንግ ነው፤ ዳታው ብዙውን ጊዜ ሲሙን በሰጠው የአሜሪካ ኩባንያ በኩል ዞሮ ስለሚወጣ ባንኩ የሚያየው የአሜሪካ አድራሻ ነው፣ የአገር ቤት እገዳም አይነካውም። ውድ ስለሆነ ለዚያው ጉዳይ ብቻ ይክፈቱት።

የኢሜይል ነገር ለብቻው ነው። በብሮውዘር የሚከፈት ጂሜይል እንደማንኛውም ገጽ ይታያል። የሚያስቸግረው በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ የሚሠራ የመሥሪያ ቤት አድራሻ ነው፦ ይገባል፣ አይወጣም፤ የጻፉት አውትቦክስ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፖርት 25 (ኢሜይል የሚያልፍበት የቆየ የበር ቁጥር) ነው። ስፓም እንዳይረጭ በመላው ዓለም አቅራቢዎች ለተራ ደንበኛ ይዘጉታል፣ ደግሞም ልክ ናቸው፤ ክፈቱልኝ ብሎ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው። በመላኪያው ሰርቨር ሴቲንግ ፖርቱን 587 አድርገው ስታርትቲኤልኤስ ይምረጡ፤ እሱ ካልሆነ 465 ከኤስኤስኤል ጋር። የአይማፕ መቀበያው 993 ይሁን። የመላኪያ ሰርቨሩ ማረጋገጫ እንደሚፈልግ የሚገልጸውን ሳጥን ምልክት ማድረግ እንዳይረሳ። እሷ ባዶ ስትሆን 550 (መልእክቱ ተቀባይነት አላገኘም) የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ሰርቨሩ ማንነትዎን ስለማያውቅ የሚመዝንዎ በአይፒ አድራሻዎ ነውና። በሞባይል ዳታ ብዙ ደንበኛ አንድ የአይፒ አድራሻ ስለሚጋራ አንዱ ስፓም ልኮ አድራሻው ጥቁር መዝገብ ላይ ከሰፈረ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል።

አንድ የማይጠረጠር ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው። ስልኩን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በሐበሻ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው አለ። ያን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ "የተሳሳተ" ይሆናል፤ ሰዉ ግን ኔትወርኩን ይራገማል። አውቶማቲክ ላይ ይመልሱት።

ቪፒኤኑን አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ይጫኑ፣ ቢቻል ሁለት ዓይነት፤ እገዳ ሲመጣ ማውረጃው ገጽም ሊዘጋ ይችላል። አልያያዝ ካለ በቪፒኤኑ ሴቲንግ ውስጥ የግንኙነቱን ዓይነት (ፕሮቶኮል) ከዩዲፒ ወደ ቲሲፒ ፖርት 443 ይቀይሩት፣ ከተራ የድረ ገጽ ትራፊክ ለመለየት ይከብዳልና። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት በተዘጉበት ጊዜ ሰው የተጠቀመው በቪፒኤን ነበር። በሰኔ 2012 መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን ቪፒኤንም ዋጋ የለውም።

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ሲደውሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700፣ "ኢንተርኔት አይሠራም" ካሉ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት ይባላሉ። የድረ ገጹን ስም፣ የወጣውን መልእክት፣ ሰዓቱንና በሌላው መስመር መከፈቱን ይንገሯቸው፤ የጥያቄ ቁጥሩንም ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ።