ደብረ ብርሃን መኪና የምትገዙ፣ «በሩን እናሠራልሃለን» ሲሏችሁ ጠንቀቅ በሉ

ወገን፣ እኔ ተበልቻለሁ። እናንተም እንዳትበሉ ነው የምጽፈው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ደብረ ብርሃን መኪና የሚሸጥ ሰው ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት። ሞተሯ ጤነኛ፣ ሊብሬዋ ንጹህ። የግራ የኋላ በሯ ግን ተጨፍልቋል። ሻጩ «ይቺ ምን አላት! በኛ ወጪ አሠርተን አዲስ አድርገን እናስረክብሃለን» አለኝ። አመንኩት። ይህን ቃሉን ውሉ ላይ አላስጻፍኩም። ውሉ ላይ ያለው ያው የተለመደው ነው፦ «መኪናውን አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ»። ፈረምኩ፣ ሙሉውን ከፈልኩ።

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ጠርተው አስረከቡኝ። ታበራለች። (ሰዓቱ በአጋጣሚ እንዳልነበር የገባኝ በኋላ ነው።) በማግስቱ ፀሐይ ላይ ሳያት ሁለት ዓይነት ነጭ ሆናለች።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስቱኮ (ቀለም ከመቀባቱ በፊት የመኪናው ቆርቆሮ፣ ማለትም ላሜራው ላይ የሚለጠፈው መሙያ) ደግሞ ብርድ አይወድም፤ በደንብ ለመድረቅ ሙቀት ይፈልጋል። እነሱ የሠሩት ደጅ፣ ሜዳ ላይ ነው። አንኮበር ሁለቴ ደርሼ እንደተመለስኩ በሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ አበጠ። አንድ ቀን ባለቤቴ በሩን ስትዘጋው መዳፍ የሚያህል ስቱኮ ተገንጥሎ እግሯ ሥር ወደቀ። ውፍረቱ ጣቴን ያህላል! ስቱኮ እኮ ላሜራው ተቀጥቅጦ ቀጥ ካለ በኋላ ስሱ ተደርጎ የሚቀባ ነገር ነው። እነዚህ ላሜራውን ጭራሽ አልነኩትም። ጉድጓዱ ውስጥ የብስኩት ካርቶን አጣጥፈው ጠቅጥቀውበታል። ጽሑፉ ሁሉ ይነበባል።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። «ጋራዡን ጠይቅ» አለኝ። ጋራዡ «ካንተ ጋር አልተዋዋልንም፤ እሱ በሰጠን ብር ልክ ሠራን» አለ። ይቺ እንኳን እውነት ሳትሆን አትቀርም። ተመልሼ ስሄድ ሻጩ ውሉን አወጣና «አይቼ፣ ወድጄ» የምትለዋን በጣቱ አሳየኝ። ሽማግሌ ገባበት። ግማሹን ልክፈል ብሎ ተስማማ። ይኸው ሰኞ ሰኞ እንዳለኝ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 813 ነው። ግን የትም አቤት ብትሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ወረቀት ነው። ስለ በሩ አንድ መስመር ቢጻፍልኝ ኖሮ ዛሬ ወሬዬ ሌላ ነበር። ስለዚህ የትኛው አካል፣ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ አስጽፉ። ከዋጋው ላይ ጠቀም ያለ ብር ያዙ፤ ሥራው ሳያልቅ እንዳትለቁት። ስቱኮ ሳይቀባ ላሜራውን ሄዳችሁ እዩት። «አታስቸግር» የሚል ካለ እሱን ሽሹት። ርክክቡ በጠራራ ፀሐይ ይሁን።

ማግኔትም ያዙ። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩ ላይ አስጠጉት። ጤነኛ ላሜራ ላይ ጥብቅ ይላል፤ ወፍራም ስቱኮ ካለ ይንሸራተታል ወይም ይወድቃል። ፕላስቲክ የሆነው ፓራውርቶ (የፊትና የኋላ መከላከያው) ላይ ግን አትሞክሩት፣ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። እኔ ከተበላሸ ስፒከር የነቀልኩት አለኝ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ንገሩኝ፣ አውሳችኋለሁ።