አምስት ሳንቲሜትር፦ የመኪናዬ ማንሻ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ባለፈው ነሐሴ የመኪናዬን ፊት በ5 ሳንቲሜትር አስነሳሁ። መኪናዋ ያገለገለች፣ የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት ትንሽ የቤት መኪና ናት። ማንሻው ደግሞ በሾክ አብዞርበሩ አናትና በቦዲው መካከል የሚገባ ክብ አሉሚኒየም ነው። የገዛሁት በሰፈራችን መንገድ ተማርሬ ነበር፤ ጎርፍ የቦረቦረው ኮብልስቶን የሆዷን ሽፋን ሁለት ጊዜ ገንጥሎብኛል። በዚህ በኩል ማንሻው አላሳፈረኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሆዷ መሬት ነክቶ አያውቅም። ይህን ብዬ ወደ ንዝረቱ ልለፍ።

ጥር ላይ ቤተሰቤን ይዤ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ወረድኩ። ስንሄድ ምንም አልተሰማኝም። ስንመለስ ግን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ላይ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ወለሉ ከእግሬ ሥር ይርገፈገፋል። ከማርሹ አጠገብ ባስቀመጥኩት ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። እግሬን ሳነሳ ወዲያው ጸጥ፤ ስረግጥ እንደገና። ያን ዕለት አላስተዋልኩም እንጂ ምልክቱ ሁሉ እዚያው ነበር። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ስንወርድ ሞተሩ ብዙም አልለፋም፤ ስንመለስ ግን ዳገቱን ሁሉ ሲጎትት ነው የመጣው።

መጀመሪያ ጎማ ባላንስ አስደረግሁ። ቀጥሎ ካንዴላ አስቀየርኩ። ከዚያ የሞተሩን ጎሚኒዎች። ሦስት ወር ሙሉ ገንዘቤን ስበትን ንዝረቱ ንክች አላለም።

ነገሩን የደረሱበት አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ቁልፍ ሳያነሱ፣ ከጎኔ ተቀምጠው አስነዱኝ። «ልጄ፣ ጎማ ቢሆን እግርህን ብታነሳም ይነዝር ነበር። ጎማ የሚያውቀው ፍጥነትን ነው። ይህ ግን ጉልበት ሲጫነው ብቻ ነው የሚነሳው» አሉኝ። ከካምቢዮው ወደ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ጉልበት የሚያደርስ ዘንግ አለ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት መታጠፊያዎች ሲቪ ጆይንት ይባላሉ። ኩርባ ላይ ቀጭ ቀጭ ስለማይል የውጭውን፣ ከጎማው ጎን ያለውን ጆይንት ተዉት፤ የጠረጠሩት ከካምቢዮው ጎን ያለውን የውስጡን ነበር።

የግራው ተፈታ። በውስጡ ሦስት ትናንሽ ተሽከርካሪዎች በሦስት ቦዮች ውስጥ ይመላለሳሉ። ግራሶውን በጨርቅ ጠርገው ጣቴን በቦዩ ላይ አስኬዱት፤ ጥፍሬ የሚያዝበት ጎድጓዳ ነበር። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲዞር ተሽከርካሪዎቹ ብዙም አይላወሱም። ሲያጋድል ግን ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ በቦዩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሞተሩ ጉልበት ተጭኗቸው ሲፋተጉ ዘንጉን ወደ ጎን ይገፉታል፤ በአንድ የጎማ ዙር ሦስት ጊዜ። በገዛ ገንዘቤ ዘንጉን ያጋደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የግራው ዘንግ በሁለቱ ጆይንቶች መካከል 40 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ካምቢዮው ወደ ግራ ስላለ ከቀኙ ያጥራል። በዚህ ርዝመት ላይ 5 ሳንቲሜትር ማንሳት 7 ዲግሪ ገደማ ማጋደል ይጨምራል። ነዳጅ ሲረገጥ የመኪናዋ ፊት ቀና ስለሚል ይብስበታል።

ማንሻውን የሸጠልኝ ሰው ይህን ቢያነብ የሚለውን አውቀዋለሁ፦ «መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ጆይንቱ ድሮም አልቆ ነበር።» እሺ፣ አልቆ ይሁን። ታዲያ እኩል ዕድሜ ያለው፣ እኩል መንገድ የሄደው የቀኙ ለምን ደህና ሆነ? ጆይንቱን ከመፍታታችን በፊትም መካኒኩ ማንሻዎቹን አውልቀው እንድነዳት አድርገውኝ ነበር፤ በዚያው ባለቀ ጆይንት ንዝረቱ እምብዛም የማይሰማ ሆነ። «ስንት ሰው አስገጥሞ አንድም ቅሬታ የለም» ይልም ይሆናል። ከእነርሱ ስንቱ እንደ እኔ ካንዴላ እየቀየረ እንደሆነ በምን ያውቃል? ሲሸጥልኝ ስለ መሪውና ስለ ጎማው አሰላለፍ ብዙ ነገረኝ፤ ስለ ዘንጉ ግን ትንፍሽ አላለም። የ2 ሳንቲሜትሩ ማንሻ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። አንድ ቃል ቢነግረኝ እርሱን እወስድ ነበር። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ያገለገለ ዘንግ ሶማሌ ተራ አገኘሁ፤ ከመክፈሌ በፊት የውስጡን ጆይንት የሚሸፍነውን ጎሚኒ አስፈትቼ ሦስቱንም ቦዮች በጥፍሬ ፈተሽኩ። ፊቷ ላይ አሁን ያለው የ2 ሳንቲሜትር ማንሻ ነው። ባለፈው ሳምንት አዳማ ደርሼ ስመለስ በዚያው ዳገት ላይ ሆን ብዬ ነዳጅ ረገጥኩ፤ የጠርሙሱ ውሃ አልተነቃነቀም።

የ5 ሳንቲሜትሮቹን ጥንድ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በግማሽ ዋጋ ልግዛህ ብሎኝ ነበር። መኪናው ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት። አልሸጥኩለትም።