ሁለት ኀዘን፣ አንድ ከበሮ መቺ

የአሜሪካ ሮክ ባንድ የሆኑት አቬንጅድ ሰቨንፎልድ «ሶ ፋር አዌይ» የተባለውን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያወጡ ከበሮ መቺያቸው ጄምስ ሰሊቫን በ28 ዓመቱ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ጊታሪስቱ ዘፈኑን የጀመረው ለአያቱ ነበር፤ ኀዘኑ ባለቤት ቀየረ። ለስለስ ያለ ጊታር፣ አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ አለቀ።

የሌላው ሮክ ባንድ የድሪም ቲያትር «ዘ ቤስት ኦፍ ታይምስ» (2009) ግን 13 ደቂቃ ይወስዳል። የባንዱ ከበሮ መቺ ማይክ ፖርትኖይ ለአባቱ የጻፈው ነው። በፒያኖና በቫዮሊን ይጀምርና ድንገት ይፈጥናል፤ ለቅሶ ቤት የሟች ጨዋታ ተነስቶ ሳቅ እንደሚያመልጠው ሰው። ግጥሙ ትንሽ ተንዛዝቷል (አባት ነውና ይቅር ይባላል)፤ መጨረሻው ላይ ያለው ረጅም የጊታር ሶሎ ግን ሆድ ያባባል። ጓደኛ ለቀበረ ሰው የመጀመሪያውን እጋብዛለሁ፤ ለራሴ ሁለተኛውን።

ደግሞ በሟቹ ሰሊቫን ወንበር ተቀምጦ «ሶ ፋር አዌይ»ን የመታው ማን መሰላችሁ? ራሱ ፖርትኖይ።