«ሜድ ኢን ጃፓን»ን ከዘፕሊን ጋር አፋጥጠን ሰማነው

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሆነን ተሰበሰብን። ሁለታችን የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል ወዳጆች ነን፤ ሦስተኛው ጓደኛችን ደግሞ በሌላው የእንግሊዝ ባንድ በሌድ ዘፕሊን የሚመጣበትን አይምርም። ክርክራችን የቆየ ነው። ከሃርድ ሮክ የኮንሰርት ቅጂዎች ሁሉ የቱ ይበልጣል? ወሬው ሲሰለቸን ቡና አፈላን፣ ስልካችንን ዘጋንና ሁለቱን አልበሞች ከጫፍ እስከ ጫፍ ልንሰማ ተስማማን። የፐርፕል «ሜድ ኢን ጃፓን» እና የዘፕሊን «ሃው ዘ ዌስት ዋዝ ዎን»።

ሁለቱን ማወዳደር ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም የተቀዱት በአንድ ዓመት ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ያውም በሁለት ወር ልዩነት። ዘፕሊኖች ጁን 25 ሎስ አንጀለስ ፎረም፣ ጁን 27 ደግሞ ሎንግ ቢች ላይ ተጫወቱ። ፐርፕሎች ኦገስት 15 እና 16 ኦሳካ፣ 17 ቶኪዮ ቡዶካን። ሁለቱም ባንዶች ጉልበታቸው ያላለቀበት፣ ድምፃቸው ያልደከመበት ሰዓት ነው። የፐርፕሉ እዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንግሊዝ አገር ወጣ። የዘፕሊኑ ግን 31 ዓመት ተቀምጦ በ2003 ነው ለሕዝብ የደረሰው።

ከፐርፕል ጀመርን። አልበሙ መጀመሪያ የታሰበው ለጃፓን ገበያ ብቻ ነበር። ባንዱም ብዙ ቦታ አልሰጠውም፤ ሚክሱ (የተቀዱትን ድምፆች የማመጣጠን ሥራ) ላይ የተገኙት ቤዝ ተጫዋቹ ሮጀር ግሎቨርና ከበሮ መቺው ኢያን ፔይስ ብቻ ናቸው። ቀረጻውን የመራው ማርቲን በርች ነው፣ መሣሪያው ባለ 8 ትራክ፣ ማለትም ስምንት ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳ። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የተስተካከለ፣ የተደረበ ነገር የለውም። መድረክ ላይ የሆነው ሆነ፤ የሰማችሁት እሱን ነው።

«ሃይዌይ ስታር» ሲጀምር ፔይስ ስኔሯን (ትንሿን ከበሮ) ከሩቅ እንደሚመጣ ባቡር ቀስ እያደረገ ያስጠጋታል። ሌሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ዘፋኙ ኢያን ጊላን ለሕዝቡ ሁለት ሦስት ነገር ይላል፣ ድምፁ ዘና ያለ ነው፣ ከዚያ ባንዱ በአንዴ ይለቀቃል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ አሁንም ያቺ ቅጽበት ላይ ከወንበሬ ብድግ ያደርገኛል።

«ስሞክ ኦን ዘ ዎተር»ን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ጊታር ነክቶ የሚያውቅ ሁሉ የሚጀምረው በዚያ ሪፍ (ተደጋግሞ በሚመጣ አጭር የጊታር ሐረግ) ነው። እዚህ አልበም ላይ ያለው የኦሳካ የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር ብቻውን ይጀምራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ከበሮው ይከተላል። የስቱዲዮውን ለምዶ ይህን የሚሰማ ሰው ዘፈኑ ክብደት የጨመረ ይመስለዋል። መጨረሻው ላይ ብላክሞርና ጆን ሎርድ በጊታርና በኦርጋን ሲመላለሱ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳዋል። የሎርድ ሃሞንድ ኦርጋን በማርሻል አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ስለሚያልፍ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ድምፅ አትጠብቁ። ያጉረመርማል።

ለእኔ ግን የአልበሙ ልብ «ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ውማን» ውስጥ ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ባንዱ ዝም ይልና ብላክሞር በጊታሩ አንድ አጭር ሐረግ ይጥላል። ጊላን በድምፁ ይመልሳል። ብላክሞር ያረዝመዋል፣ ያጣምመዋል፣ ጊላን ያንኑ ጠማማ ይዞ ይመልስለታል። ወደ ላይ ይወጣሉ። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ድምፁንና ክሩን እያከታተለ ሲያናግራቸው ያየ ሰው ይህን ጨዋታ ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱም ለሌላው አይለቅም። መጨረሻ ላይ ጊላን ጊታሩ የማይደርስበት ቦታ ደርሶ ይጮኻል፣ ጩኸቱ አልቆረጥም ይላል። የዘፕሊን ጓደኛችን እዚህ ጋ ሲኒውን አስቀምጦ «ድገሙልኝ» አለ። ደገምንለት።

«ቻይልድ ኢን ታይም»ም አለ። ከ12 ደቂቃ በላይ ነው። በለሆሳስ ተነስቶ ጊላን ያለ ቃል እየጮኸ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ስለሱ ብዙ ማለት አልፈልግም። በምሽት፣ በሄድፎን፣ ብቻችሁን ስሙት።

ድክመት የለውም ወይ? አለው። «ዘ ሙል» ላይ ያለው የከበሮ ሶሎ ፔይስ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳያል፣ ግን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ይረዝማል። «ስፔስ ትራኪን» ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መሃሉ ላይ መንገዱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ቀጥለን ዘፕሊንን ከፈትን። እውነቱን ልናገር፤ ድምፁ የበለጠ ወፍራምና ሙሉ ነው። ጆን ቦናም ከበሮውን ሲመታ ደረት ላይ ያርፋል። በከበሮ ክብደት ዘፕሊን አሸንፏል፣ ሦስታችንም ተስማምተናል። «ኢሚግራንት ሶንግ» ላይ ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ የስቱዲዮው ቅጂ ላይ የሌለ ሶሎ ይጨምርበታል፣ ዘፈኑም በዚያ እጥፍ ይሆናል። ደግሞ መሃል ላይ ቁጭ ብለው በአኩስቲክ የሚጫወቱት ክፍል አለ፤ ፐርፕል ጋ እንዲህ ያለ እረፍት አታገኙም። በ1973 ኒው ዮርክ ተቀድቶ በ1976 ከወጣው ከራሳቸው «ዘ ሶንግ ሪሜይንስ ዘ ሴም» ጋር አታወዳድሩት፣ ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት እዚህ ድምፁ ገና ሙሉ ነው።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ አደረግሁት? ፔጅ ሁለቱን ሌሊቶች ከዓመታት በኋላ አቀናብሮ እንደ አንድ ኮንሰርት አድርጎ ነው ያቀረበው። ሥራው ጎበዝ ነው፣ መጋጠሚያውን ፈልጌ አላገኘሁትም። ግን 3 ሲዲ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ፣ «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ብቻውን 25 ደቂቃ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብሆን ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ እሰማው ነበር። ሳሎን ውስጥ ግን ልብ ይሸሻል። ፐርፕሎች በሰባት ዘፈን ጨርሰው ይወርዳሉ፣ አንተም ተጨማሪ ትፈልጋለህ።

እኔ የኮንሰርት ቅጂ ሲስተካከል አልወድም። ቲን ሊዚ የተባሉት ባንድ በ1978 ያወጡት «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» ግሩም አልበም ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተሠርቷል ይላል፣ የባንዱ ወገን ደግሞ የለም፣ አብዛኛው የመድረኩ ነው ይላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እያንዳንዱ ንጹሕ ድምፅ ላይ እጠረጥራለሁ፣ ደስታዬም ቀንሷል። «ዘ ሁ» የተባሉት ባንድ ግን በ1970 «ላይቭ አት ሊድስ»ን ሲያወጡ ሸክላው ላይ የሚሰማው መንጨርጨር ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ እንዳታስተካክሉት ብለው ሌብሉ ላይ ጻፉበት። እንዲህ ያለ እምነት ደስ ይለኛል።

ልትገዙ ለምታስቡ፦ በመደበኛው «ሜድ ኢን ጃፓን» ጀምሩ። ከወደዳችሁት በ2014 የወጣው ሳጥን ሦስቱንም ሌሊቶች ከነመዝጊያ ዘፈኖቻቸው ይዟል። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ድግስ ነው፣ አንዱን ዘፈን በሦስት ሌሊት አስተያይቶ መስማት ይቻላል፤ የጊላንና የብላክሞር ምልልስ በየሌሊቱ ይለያያል። ለጀማሪ ግን ይበዛል።

ያገለገለ ሸክላ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አልበሙ ባለ ሁለት ሸክላ፣ ባለ አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂዬን ከአንድ አሮጌ ሸክላ ቤት ነው የገዛሁት፤ ሻጩ «ሰምቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» አለኝ፣ እኔም አምኜው ሒሳቡን ከፈልኩ። ቤት ስደርስ አራተኛው ገጽ ከዳር እስከ መሃል ተጭሯል። ያ ገጽ ሙሉው «ስፔስ ትራኪን» ስለሆነ መርፌዋ አንድ ቦታ ላይ ትዘላለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ስመልሰውም አልቀበልም አለኝ፣ በጣም አዘንኩ። ሁለቱንም ሸክላ ከማቀፊያው አውጡና ብርሃን ላይ አጋድማችሁ እዩ፣ በተለይ ሁለተኛውን፤ ከተቻለ እዚያው አስከፍቱት።