ለክፍል ብሎግ ይሻላል ቴሌግራም ግሩፕ?

እዚህ ደብረ ብርሃን ብዙ አስተማሪ ቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚከፍተው፣ እውነት ለመናገር ይመቻል፣ ኔትወርክ ደከም ቢልም መልእክቱ ይገባል። ግን ጠዋት የላክኩት ኖት ማታ በ«እሺ ቲቸር»ና በስቲከር ተቀብሮ አገኘዋለሁ። ብሎገር ላይ (ብሎግ፣ ማለትም ጽሑፍ የሚለጠፍበት ድረ ገጽ፣ መክፈቻ ነው፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጉግል ነው፣ በነፃ) ጽሑፉ በቀን በቀኑ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ኮመንቱም እኔ ካላፀደቅኩት አይወጣም። አንዷ ተማሪዬ አንኮበር ስላለው የገብስ አጨዳ ስትጽፍ ሦስቴ አስተካክላ ነው የለጠፈችው፣ ደብተር ላይ ቢሆን አንዴ ሞነጫጭራ ትገላገል ነበር፣ ሰው እንደሚያነበው ስታውቅ ግን «ዐውድማ» በዐይኑ ዐ ነው በአልፋው አ እያለች ከጓደኞቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ዋለች። የፈተና ቀን ምናምን ለመንገር ቴሌግራም ይበቃል፣ ድርሰት ግን ብሎግ ላይ። ስልክ የሌለው ልጅ በወረቀት ይጽፍና ጓደኛው ይተይብለታል።