ለስፌት የሚሆን ማኔኪን፦ እቤት ይሠራ ወይስ ይገዛ?

ቀሚስ ሰፍታችሁ ራሳችሁ ላይ ለመለካት ከሞከራችሁ ችግሩን ታውቁታላችሁ። ከፊት መስታወት ያሳያችኋል፣ ከኋላ ግን ማን ይያዝላችሁ? ክንዳችሁን ስታነሱ ወገቡ አብሮ ይነሳል። ዞር ስትሉ ስፒሉ ይወጋል። የራስን ቁመና የያዘ ማኔኪን፣ ማለትም ልብስ የሚለካበት ሰው መሰል ገላ፣ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ለራሳችሁ ብቻ የምትሰፉ ከሆነ በልካችሁ የተሰፋ የጨርቅ ማኔኪን ይበልጣል። ለደንበኛ የምትሰፉ ከሆነ ደግሞ ቀጠን ያለ ዝግጁ ማኔኪን ግዙ፤ እንደ ደንበኛዋ ቁመና እያወፈራችሁ ትሠሩበታላችሁ። ምክንያቴን አንድ በአንድ እነሆ።

በፕላስተር የሚሠራው

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። ዳሌን የሚሸፍን አሮጌ ካናቴራ ትለብሳላችሁ። ከላዩ ላይ አንድ ሰው ጠንካራውን ብርማ ፕላስተር፣ ዳክት ቴፕ የሚባለውን፣ ሁለት ሦስት ድርብ ይለጥፍላችኋል። ከ2 እስከ 3 ጥቅል ይበላል። ፕላስተሩ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጡት ላይ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ በቀጭኑ መለጠፍ አለበት፤ አለዚያ ደረቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ሲያልቅ ጀርባው መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ይወልቅና ይሞላል።

ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም ይጠይቃል። ጉልበታችሁን ገትራችሁ አትቁሙ፣ ፕላስተሩም ደረታችሁን አጥብቆ አይያዝ። እንደዚያ ቆሞ ራሱን የሚስት ሰው አለ። ቶሎ ቶሎ ውኃ ጠጡ፤ ትንፋሻችሁን ሳትይዙ እንደ ወትሮው ተንፍሱ።

ጉድለቱ ሙጫው ነው። ስፒል በወጋችሁ ቁጥር ሙጫ ይዞ ይወጣል፤ ያው ስፒል ነጭ ሸማ ላይ ሲሰካ ምልክት ይተዋል። ሙቀትም አይወድም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ሙጫውን ሊያደነድነው ይችላል፤ ስትለጥፉ በደንብ እየተጫናችሁ አሹት። ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ናት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ። እዚያ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የከረመ የፕላስተር ማኔኪን ሙጫው ይላላና ቅርጹ ይወርዳል። ከዚያ ሌላ የካናቴራውና የፕላስተሩ ውፍረት ተደምሮ ከእናንተ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ የጀርባውን ቅድ ከመዝጋታችሁ በፊት በሜትር ለክታችሁ፣ የተረፈውን አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ደርባችሁ ዝጉት።

ወረቀትና ጀሶ

ወረቀት ሲባል የሚንቅ ሰው አለ፤ አይናቅም። ከ1867 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስፌት ማኔኪን የሚሠራው የፓሪሱ ድርጅት ስቶክማን የታወቀው በወረቀትና በሙጫ በሚሠራ ገላ ነው። ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከሩ መደረብ ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው። ችግሩ አየሩ ነው። በክረምት ደጋ ላይ ድርቡ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ የዱቄት ሙጫ ደግሞ አይጥ ይጠራል። ከሠራችሁ በበጋ ሥሩት፣ ከላይም ስፖንጅና ጨርቅ አልብሱት። ባዶ ወረቀት ስፒል አይዝም።

የጀሶ ፋሻ ቅርጽን በማንሳት አቻ የለውም። ነገር ግን ሲደርቅ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ስፒል ፈጽሞ አይገባውም። ለስፌት ብቻ ከሆነ አልመክርም።

በጨርቅ የተሰፋው

ይሄኛው ሥራ ይበዛዋል፤ ግን ልፋቱን ይከፍላል። ጥሩው መንገድ ከላይ ያለውን የፕላስተር ቅርፊት ሠርቶ ሳይሞሉ መቆራረጥ ነው። በትከሻ፣ በጎን፣ በፊትና በጀርባ መሃል፣ ደግሞም ከትከሻ ተነስቶ በጡት ጫፍ አልፎ ዳሌ በሚደርሰው መስመር ትቆርጡታላችሁ። ግራና ቀኙን ምልክት አድርጉበት። ብዙ ሰው አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ማኔኪኑም ያንን መያዝ አለበት። ቁራጮቹ ጠፍጣፋ ሆነው ሲዘረጉ የራሳችሁ ንድፍ ሆኑ ማለት ነው። ጠንከር ያለ አቡጀዲ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ለስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨምራችሁ ቁረጡና ስፉ። የሚለጠጥ ጨርቅ አይሆንም፤ ሲሞላ ያብጣል።

ለመሙያ የስፌት ቁርጥራጭ፣ ጥጥ፣ የአሮጌ ትራስ ሆድ ዕቃ ሁሉም ይሆናል። መንዝ አካባቢ የበግ ፀጉር እንደ ልብ ነው። እሱም ይሞላል፤ ግን በሚገባ ታጥቦ ካልደረቀ ይሸታል፣ ብልም ይገባዋል። እየሞላችሁ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ዳሌውን በሜትር ለኩ። ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፤ የላላ መሙያ ውሎ አድሮ ወደ ታች ይወርዳል። ትከሻው ውስጥ የእንጨት ልብስ መስቀያ ይግባ፣ መሃሉን ደግሞ አናጺ ጋ በተሠራ ባለ እግር ቋሚ ላይ ትከሉት። ይህ ማኔኪን የትም ብትወጉት ስፒል ይይዛል። ለእኔ ከሌሎቹ የሚበልጠው በዚህ ነው።

የሚገዛው

ሱቅ ውስጥ ቆመው የምታዩዋቸው የፕላስቲክና የፋይበር ማኔኪኖች ለማሳያ የተሠሩ ናቸው። ቀጭኖች ናቸው፣ ስፒል አይዙም። ርካሽ ነው ብላችሁ ለስፌት አትግዙ።

ባለ መዘውሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 መዘውር ያለው፣ ደረትና ወገቡን ያሰፋል ያጠባል። መልካም ነው። ግን ሲሰፋ ክፍሎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ስፒል መሰካት የሚያስፈልገው የፊት መሃል ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። የጎበጠ ጀርባን ወይም የተዛነፈ ትከሻን አይመስልም። ለዚህ ነው ደንበኛ ላላት ሰፊ ሙሉ ስፖንጅ ሆኖ ጨርቅ የለበሰውን የምመርጠው። ከደንበኞቻችሁ ቀጭኗን የሚያህል ግዙ። ሌላዋ ስትመጣ የራሷን ዓይነት ጡት ማስያዣ አልብሱትና በስፖንጅና በጥጥ ሙሉት፣ ላዩን በጠባብ ካናቴራ አጥብቁት። ማወፈር ይቻላል፣ ማቅጠን አይቻልም።

ቁመቱን አትርሱ

የሀበሻ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ከሁሉ በፊት ቁመት ይመልከት። ጥበቡ ጫፉ ላይ ስለሆነ ረዘመ ተብሎ ከታች አይቆረጥም፤ የሚያጥረው ከወገብ ነው። ስለዚህ የማኔኪኑ ወገብ ከመሬት ያለው ርቀት የለባሿ መሆን አለበት፣ ያውም ቀሚሱን የምትለብስበትን ጫማ አድርጋ ስትለካ። እቤት በተሠራው ቋሚውን በልክ ታስቆርጣላችሁ፣ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። የሚገዛው ከፍና ዝቅ ስለሚል ለብዙ ሰው ያገለግላል። የእጅ ሽመና ላላ ያለ ስለሆነና ጥበቡም ስለሚጎትተው፣ ወገቡን ከመጨረሳችሁ በፊት ቀሚሱን ማኔኪኑ ላይ አሳድሩት።

መርካቶ ወርዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ስፒል ይዛችሁ ሂዱ። ደረቱ ላይና ጎኑ ላይ ወጋ አድርጉ፤ ገብቶ ካልቆመ ተዉት። ቋሚውን ቁልፉን ፈታችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ትከሻውን ተጫኑት፤ ከተንሸራተተ ቀሚስ ሲከብደውም ይንሸራተታል። ወደ ደብረ ብርሃን የምትመለሱ ከሆነ ከአዲስ አበባ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቋሚውን ነቅላችሁ ገላውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከውስጥ ጫኑት እንጂ መኪናው ጣራ ላይ አታስሩት።