ስምንት ወር ከፓትሮኒ ጋር፦ 5432 ላይ ማን ቀድሞ ተቀመጠ?

ሦስት የኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ ያለውን የፖስትግሬስ ዳታቤዛችንን ፓትሮኒ የሚባለው ሶፍትዌር ማስተዳደር ከጀመረ ስምንት ወር ሆነው። ወድጄዋለሁ። መሪው ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል፤ ሌሊት የሚቀሰቀስ ሰው የለም። አጫጫኑ ላይ ግን አንድ ነገር አስቸግሮኛል፤ ከሁሉ በፊት እሱን ልንገራችሁ።

ኡቡንቱም ዴቢያንም ላይ ፖስትግሬስ ሲጫን «ሜይን» የሚባል ባዶ ክላስተር (የራሱ ዳታ ፎልደር ያለው፣ ለብቻው የሚሠራ ፖስትግሬስ) ይፈጠርና ወዲያው ይነሳል። ፖስትግሬስ ግንኙነት የሚቀበልበትን በር፣ ፖርት 5432ን ይይዛል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥርም አብሮ ይነሳል። ሰርቨሩ አንድ ብቻ ከሆነ ይሄ ምቹ ነው። ፓትሮኒ ግን ፖስትግሬስን የማስነሳቱም የማቆሙም ሥራ የእሱ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋል።

እኔ ያን ባዶ ክላስተር «ስቶፕ» ብዬ አቆምኩትና ፓትሮኒን አስነሳሁ። ሠራ። «ስቶፕ» ግን እስከሚቀጥለው ሪስታርት ድረስ ብቻ ነው፤ ይሄን ዘነጋሁት። በሦስተኛው ወር መብራት ሄዶ አንዱ ሰርቨር ጠፋ። መብራት ሲመጣ የፓትሮኒ ዝርዝር ላይ ያ ሰርቨር «ስታርት ፌይልድ» ይላል። ሎጉን ከፈትኩ። 5432 ተይዟል፣ ሌላ ፖስትግሬስ እየሠራ ይሆን እንዴ ይላል። ለካ ያ ባዶ ክላስተር ቀድሞ ተነስቶ ቦታውን ይዟል።

ደግነቱ የዳታ ፎልደራቸው የተለያየ ነበር። አንድ ፎልደር ቢጋሩ ኖሮ ነገሩ ይከፋ ነበር። የቀድሞው መሪ ኤትሲዲን (ፓትሮኒ መሪው ማን እንደሆነ የሚመዘግብበትን ማከማቻ) ሳይጠይቅ በራሱ ይነሳና መጻፍ ሊጀምር ይችላል። አዲሱ መሪም በወዲያ በኩል እየጻፈ ነው። በኋላ የአንዱን ጽሑፍ መጣል ግድ ይሆናል። የሚጣለው የሰው ክፍያ ቢሆንስ?

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ «ፖስትግሬስኪውኤል-ኮመን» የሚባለውን ፓኬጅ ብቻውን ጫኑ። ከዚያ «ክሪኤትክላስተር» የሚባለውን የኮንፊግ ፋይሉን ክፈቱ። «ክሪኤት ሜይን ክላስተር» ከሚለው መስመር ፊት ያለችውን # አንሱና ዋጋውን «ፎልስ» አድርጉ። ዋናውን ፖስትግሬስ የምትጭኑት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ጭናችሁ ከሆነ ደግሞ ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡና ክላስተሩን ሰርዙት። ከዚያ የፖስትግሬስን ሰርቪስ «ዲሴብል»፣ ቀጥሎም «ማስክ» አድርጉት። «ማስክ» የተደረገን ሰርቪስ ሰው በስህተት እንኳ ማስነሳት አይችልም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የመሪነት ቁልፉ (መሪው ኤትሲዲ ላይ እያደሰ የሚይዘው ምዝገባ) ዕድሜ ካልቀየራችሁት 30 ሰከንድ ነው፤ ለእኛ ይበቃል። ኤትሲዲ ግን ፈጣን ዲስክ ይወዳል፣ አትቆጥቡበት። ፓትሮኒ ኤትሲዲን ማግኘት ካቃተው መሪውን ከመሪነት ያወርደዋል። መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር፤ አሁን ግን ትክክል ነው እላለሁ።

አሁን አዲስ ሰርቨር ስጨምር ሥራ ሳይጀምር ሆን ብዬ ሪስታርት አደርገዋለሁ። ሲነሳ 5432 ላይ ማን እንዳለ አያለሁ። እዚያ ያለው ፖስትግሬስ ፓትሮኒ ያስነሳው ካልሆነ ሰርቨሩ ከሌሎቹ ሰርቨሮች ጋር አይቀላቀልም።